የስታዲየሙ ወንፈል

ፍኖተ ሰላም ላይ ስታዲየም ሊሠራ ነውና ሂድ ተብዬ የታዘዝኩት ቡሬ ላይ የእህል ገበያውን ዘገባ ጨርሼ ለመመለስ ስሰናዳ ነበር። በደርግ ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ መጀመሪያ ይወሰናል፤ ማን እንደሚሠራው የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። የአለቃዬ ትእዛዝ አጭር ነበር። ገበሬው በራሱ ፈቃድ እየሠራ መሆኑን ጻፍ አለኝ። እኔ ደግሞ ፈቃዱን ከመጻፌ በፊት ላየው ፈለግሁና ማንኩሳ አጠገብ አጎቴ ቤት አረፍኩ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ገበሬ ናቸው፤ ከመንደሩ ወንዝ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ጤፍ ይዘራሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ተጠራ። የስታዲየሙ አሠሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር ከፍኖተ ሰላም መጣ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ፣ ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ለሽማግሌ ተነስቶ ወንበር የሚለቅ ወጣት ነበር። የተናገረውም መሠረት የሌለው አልነበረም። የከተማው ኳስ ሜዳ አጥር ስለሌለው ጨዋታ መሀል ከብት ይገባል፤ የሌላ አውራጃ ቡድኖች እዚህ አንጫወትም ብለዋል፤ ልጆቹ ሁልጊዜ ሰው አገር ሄደው ይሸነፋሉ። ለሲሚንቶና ለብረት ከመንግሥት ካዝና ይወጣል፤ ድንጋይና ጉልበት ግን ከገበሬው ይጠበቃል አለ።

አንድ ሽማግሌ ተነስተው ከሲሚንቶው የሚተርፍ ካለ የምንጫችን አፍ ይገደብልን ሲሉ ጠየቁ። ይታያል ተባሉ። ሌላው ደግሞ የእኛም ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ግንብ ሥሩልን ያለን ግን የለም አለ። ሰዉ ሳቀ። ሊቀመንበሩም አብሮ ሳቀ። ከዚያ አጎቴ ተነሱ።

«ጓድ፣ እኛ ከሥራ አንሸሽም። ግንቡ ግን የከተማው ነው። የከተማው ከሆነ በወንፈል እንግባ።»

ወንፈል በእኛ አገር የታወቀ ነው። ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ ባጭድ ነገ አንተ የእኔን ታጭዳለህ፤ ቀን በቀን፣ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። እንደ ደቦ ድግስ የለውም፤ ሁሉም ስንቁን ይዞ ይመጣል። የወንፈል ተራውን ያልመለሰ ሰው ሲታመም እንኳ ማሳው ላይ የሚደርስለት የለም።

ሊቀመንበሩ «በወንፈልም ይሁን በሌላ፣ ብቻ ድንጋዩ ይቅረብልን» አለ።

በዚህኛው የሳቀ አልነበረም። ወደ ቤት ስንመለስ ሰዉ የከተማውን ተራ ማን አስቀድሞ እንደሚወስድ ይነጋገር ነበር። ሰውየው ነገሩን ሳያውቀው ነው የተናገረው አልኳቸው አጎቴን። «ሰው ፊት እሺ ብሏል» አሉኝ።

ጥቅምትን ሠሩ፤ እኔም እየተመላለስኩ አያቸው ነበር። ድንጋዩን ከወንዝ እያወጡ በአህያና በቃሬዛ አመላለሱ። ስንቃቸውን ቆሎና ዳቦ ይዘው ነበር የሚሄዱት፤ ከተማው ሳያበላቸው በመቅረቱ ያጉረመረመ አላየሁም፤ ወንፈል ነዋ። በሦስት ወገን ግንቡ ደረት ደረሰ፤ አራተኛው ወገን መሠረቱ ብቻ ወጥቶ ቀረ።

ኅዳር ላይ የአጎቴ ጤፍ በአንድ ጊዜ ደረሰ። ሰማዩም በወቅቱ ያልተለመደ ደመና ያዘ። ትልቁ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሄዷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ለማዳን ይሯሯጣል። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ከመታው ይተኛል፣ ፍሬው ይረግፋል፣ የተረፈውም ይጠቁራል። ለመንግሥት የሚሸጠው ኮታ ደግሞ ዝናብ ዘነበ ተብሎ አይቀነስም። አጎቴ ያን ጤፍ ካጡ ኮታውን የሚሞሉት ከቤታቸው ቀለብና ለዘር ካስቀመጡት ነበር።

አንድ ማለዳ ከየጎረቤቱ የተረፈውን ማጭድ ለቅመው፣ በጆንያ አድርገው አህያ ላይ ጫኑ። አብሬያቸው ከተማ ሄድኩ። ኳስ ተጫዋቾቹ ሜዳው ላይ ልምምድ ላይ ነበሩ፤ ሊቀመንበሩም ከኮሚቴው አባላት ጋር ግንቡን እያየ ነበር። አጎቴ ጆንያውን ሜዳው ዳር ዘረገፉት።

«ምንድን ነው ይሄ፣ አባባ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ተራችሁ ነው። ጤፌ ደርሷል።»

ከኮሚቴው አንዱ ይህ የልማት ሥራ ማደናቀፍ ነው፣ ስማቸው ይያዝ አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ንግግር ቀላል አይደለም፤ አህያዋን የያዝኩበትን ገመድ ጠበቅ አድርጌ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሊቀመንበሩ ግን ወደ ልጆቹ ዞረና ወንፈል ማለት እንዲህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። በረኛው የገበሬ ልጅ ነበር።

«አዎ፣ ጓድ» አለ። «እንዲያውም ታግሰውናል።»

ሊቀመንበሩ አራተኛውን ወገን፣ ግንብ የሌለበትን፣ አየ። ከዚያ የዛሬው ልምምድ ማንኩሳ ነው አለ። ኮቱን አውልቆ ለጸሐፊው ሰጠና አንድ ማጭድ አነሳ።

ተጫዋቾቹ ሲያጭዱ ላየ ያሳዝኑም ያስቁም ነበር። በክንፍ የሚጫወተው ቀጭኑ ልጅ ጤፉን ከጫፉ ይዞ ይጎትተዋል። «ጎንበስ በል፣ የኔ ልጅ፤ ከሥሩ ነው» ይሉታል አጎቴ። ጥቂት ቆይቶ ያው ቀና ይላል። ሊቀመንበሩ እጁ ውሃ ቋጠረ፤ በመሐረብ ጠቅልሎ ቀጠለ። በረኛው ሁሉንም ጥሎ ከፊት ሄደ። ክምሩን ግን አጎቴ ለማንም አላስነኩም፤ ነዶውን እየተቀበሉ ራሳቸው ከመሩ።

በማግሥቱ የቀረውን እያጨዱ ሳለ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ወንዙ ዳር ያለችው የታችኛዋ ጥግ ሳትታጨድ ተኛች። ሌላው ሁሉ ክምር ውስጥ ነበር። አጎቴ የቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ዝናቡን ሲያዩ ቆዩ። «ያች ጥግ የዝናቡ ናት» አሉ። «ከተማው መልሷል።»

ስለ ድንጋዩም ስለ ማጭዱም ጽፌ ላክሁ። ጋዜጣው ላይ የወጣው የድንጋዩ ብቻ ነው።

አራተኛው ወገን በታኅሣሥ አለቀ። የመክፈቻው ጨዋታ ፍኖተ ሰላም ከቡሬ ጋር ነበር። ወንበሩ ለክብር እንግዶች ስለሆነ ገበሬዎቹ የገነቡትን ግንብ ተደግፈው አዩ። ቀጭኑ ልጅ በረኛ የሌለበት ጎል አግኝቶ ኳሷን ወደ ላይ ሰደዳት። አጎቴ ወደ እኔ ዞር ብለው «ማጭድ ላይም እንዲሁ ነበር» አሉ። ፍኖተ ሰላም ተሸነፈ፤ በዚህ ጊዜ ግን በገዛ ሜዳው።

በዓመቱ ለክብር እንግዶቹ ጥላ ይሠራ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። የምንጩ ነገር አልተነሳም። ሊቀመንበሩ ገና ሰዉ ሳይቀመጥ ወደ አጎቴ እያየ ይህ መዋጮ ነው፣ ወንፈል አይደለም አለ።

«ገብቶናል፣ ጓድ» አሉ አጎቴ። «እንግዲያው ከአጨዳ በኋላ ይሁንልን።»

ሊቀመንበሩ መዳፉን አየት አደረገና እሺ አለ። ጥላው በየካቲት ተሠራ።