አባባ የፈሩት ጉድጓድ

«ጉድጓዱን ማን ይደፍነዋል?» አሉኝ አያቴ፣ ጂኦሎጂ ተመርቄ ወርቅ ፍለጋ ተቀጠርኩ ስላቸው።

«አባባ ደግሞ! ገና ሳልጀምር?» አልኳቸው።

በጎረምሳነታቸው እዚሁ ግሼ ለወርቅ ፈላጊዎች ይቆፍሩ ነበር። ሰዎቹ ወርቅ ሲያጡ ጉድጓዱን ክፍት ትተው ሄዱ፤ ሣር ሸፈነው፣ የአባባ በጎች ገቡበት። ከዚያ ወዲህ መሬቱን በዱላቸው ሳይወጉ መስክ አያቋርጡም ነበር፤ እኛም ከኋላ ከኋላቸው።

ሥራ ሳልጀምር አረፉ፤ አሁን እሳቸው የሉም። መስክ ላይ እግሬን የት እንደማሳርፍ ይጨንቀኛል።

ትናንት አለቃችን የቆፈርነውን አይቶ «ምንም የለውም፤ መኪና ውስጥ ግቡ!» አለን። ወር እንኳን ያልሞላኝ ቅጥር ነኝ፤ ቢያባርረኝስ? ማዶ በጎች ይግጣሉ። አካፋ አነሳሁ።

«አንቺ፣ ምን ልትሆኚ ነው?» አለኝ አለቃዬ።

«እኔ እደፍነዋለሁ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።