የራሷን ጉሮሮ እንዳታምን ያስተማርኳት ልጅ

ይህን እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለአንድም ሰው ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም፣ ለሚስቴም አልተናገርኩም። አሁን የምጽፈውም ልቤ እንዲቀለኝ አይደለም፤ እንዲቀለኝ አልፈልግም። አንብባችሁ ስትጨርሱ «ሰው ነው፣ ይሳሳታል» የምትሉ ከሆነ ከዚሁ ተመለሱ። ስሕተትና ውሸት አንድ አይደሉም። እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁ።

የተወለድኩት ጅጅጋ ነው። አያቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔም ሶማልኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ስጫወት ለመድኩት። ሥነ ልቦና ተምሬ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያለች ክፍል ተከራይቼ የምክር አገልግሎት ከፈትኩ። በኮሮናው ጊዜ ደግሞ ሂፕኖቴራፒ የሚባለውን በኢንተርኔት ተማርኩ። ሰውን በድምፅና በአተነፋፈስ አዝናንተህ፣ ሐሳቡ ሲረጋ ፍርሃቱን እንዲለቅ ታግዘዋለህ። ምግብ የሚፈሩ ልጆችንም በዚህ መርዳት ይቻላል። ትምህርቱን አልከስም። የምከሰው ራሴን ነው። እንቁላል ሲያይ የሚያለቅስ አንድ ልጅ እኔ ዘንድ ተመላልሶ እንቁላል በላ። ወሬው ተዛመተ። እኔም አበጥኩ።

ሰሃራ ልጇን ሆዳንን ይዛ ከቀብሪበያ በሚኒባስ የመጣችው ያንን ወሬ ሰምታ ነው። ሰሃራ ቤቷ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና እየሠራች የምትሸጥ ሴት ናት። ሆዳን ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ወተት፣ ሾርባና ሻይ ውስጥ የራሰ ካንጄሮ፣ ያ ስስ የሶማሌ እንጀራ፣ ካልሆነ ምንም አትቀምስም። ሥጋ ስታይ እናቷ ጉያ ውስጥ ትገባለች።

«ዶክተር፣ ይሄ ነገር ሲሂር አይደለም አይደል?» አለችኝ ሰሃራ።

«ድግምት የለበትም እህቴ። ልጅቷን ማረጋጋት ነው» አልኳት። ዶክተር አይደለሁም። ዶክተር ስትለኝ ግን አላረምኳትም።

ከዚያ ነገረችኝ። ነገረችኝ! ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሦስት ዓመቷ ሳለች ለሳሙናው ያዘጋጀሁትን ኮስቲክ ሶዳ ጠጣችብኝ። አፏ ቆስሎ ነበር፣ ዳነ። መብላት የፈራችው ከዚያ ወዲህ ነው» አለችኝ።

እኔስ ምን አደረግኩ? የፍርሃቱ ሥር ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። የተቃጠለ ጉሮሮ ሲድን ሊጠብ እንደሚችል ማሰብ ለማን ይከብዳል? «መጀመሪያ ሐኪም ይያት» ማለት ምን ያህል ከባድ ነበር? አላልኩም። ሐኪም ካዳናት ምስጋናው የእኔ አይሆንማ!

ሆዳን ፍራሹ ላይ ተጋድማ ዓይኗን ትጨፍናለች። ትከሻዋ ሲላላ፣ ትንፋሿ ሲረጋ፣ በሶማልኛ ቀስ እያልኩ አወራታለሁ። «ጉሮሮሽ ሰፊ መንገድ ነው። ግመሎች ሳይጋፉ ያልፉበታል» እላታለሁ። አንድ ቀን መሐል ላይ ዓይኗን ገለጠች።

«አዴር፣ እዚህ ጋ ይቆማል» አለችኝ። አዴር አጎቴ ማለት ነው። ጣቷን ደረቷ ላይ አድርጋ ቦታውን አሳየችኝ።

«የሚቆመው ፍርሃትሽ ነው እንጂ ምግቡ አይደለም» አልኳት። ደግሜ ደጋግሜ አልኳት። ሕፃን ልጅ የታመመችበትን ቦታ በጣቷ ስታሳየኝ፣ እኔ አካሏ እንደሚዋሻት አስተማርኳት። አመነችኝ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በደንብ የበሰለ ለስላሳ ሩዝ ዋጠች። እናቷ በደስታ አለቀሰች።

አረፋ ሲደርስ ሰሃራን፣ «ሥጋ ስጧት። ቆመብኝ ካለች እንዳታቋርጡ። መንገዱ ሰፊ ነው በሏት» አልኳት። እንዳልኳት አደረገች። አባቷ ዓብዲ ከፍየሉ ሥጋ ቆርሶ አጎረሳት። ልጅቷ ቆመብኝ አለች። እናቷ «መንገዱ ሰፊ ነው፣ ልጄ» እያለች ሁለተኛ አጎረሰቻት። ከዚያ በኋላ ሆዳን ምራቋን እንኳ መዋጥ አቃታት። ትን አላት፣ ትንፋሽ አጠራት፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ወደ ጅጅጋ ይዘዋት በረሩ፤ ከዚያም ሐረር ተላከች። ሐኪሞቹ ሥጋውን ካሜራ ባለው ቱቦ አወጡላት። ምግብ ማውረጃዋ በጠባሳ ጠቦ ከእርሳስ አይሰፋም ነበር። ሳንባዋም ተጎድቶ በኦክስጅን ብዙ ሰነበተች። በሕይወት ተረፈች፤ ይህ ግን የእኔ ሥራ አይደለም።

እኔም ሐረር ሄድኩ። ለልጅቷ አዝኜ ይመስላችኋል? ስለ እኔ ምን እንደሚባል ለመስማት ነው የሄድኩት። ኮሪደሩ ላይ ዓብዲ ከሁለት ሽማግሌ ዘመዶቹ ጋር ቆሞ ነበር። ወደ እኔ ዞረ።

«ሰሃራ የሶዳውን ነገር ነግራህ ነበር?»

«አልነገረችኝም» አልኩ። ይህም አልበቃኝም። «ብትነግረኝ ኖሮ ልጅቷን አልነካትም ነበር። ቆመብኝ ካለችም አቁሙ ብያለሁ» አልኩ።

ሰሃራ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። «ወላሂ ነግሬዋለሁ! ወላሂ አታቋርጡ ያለኝ እሱ ነው!» አለች።

ማንም አላመናትም። ለምን ያምኗታል? እኔ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበስኩ የተማረ ሰው ነኝ። እሷ ሳሙና ሻጭ ናት፤ ሶዳውንም ቤት ያስቀመጠችው እሷ ናት። ይህንን አውቅ ነበር። አውቄ ነው የተጠቀምኩበት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» አለኝ። እኔም «አመሰግናለሁ» አልኩት። አመሰግናለሁ!

ዓብዲ ሰሃራን ፈታት። ልጅቷን አፍደም ወዳለችው እኅቱ ወሰዳት። ሆዳን ጉሮሮዋን ለማስፋት አዲስ አበባ እየተመላለሰች አደገች። በዚያ ሁሉ ምልልስ እናቷ አጠገቧ አልነበረችም። እኔስ? ሂፕኖቴራፒውን ተውኩ እንጂ ክፍሌን አልዘጋሁም። ወላጆችን አስቀምጬ «ልጆቻችሁን አዳምጡ» እያልኩ ስመክር ኖርኩ። አንደበቴ እንዴት አልተሳሰረም?

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት፣ ቀብሪበያ ሄድኩ። ሰሃራ በሩን ከፈተች፤ ግባ አላለችኝም።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«የነገርኩህን እኔ አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ለእኔ የምትነግረኝ አዲስ ነገር የለም። ውሸትህን ለሰሙት ሄደህ ንገር።» በሩን ዘጋችው።

መናኸሪያው ላይ ቆሜ ዓብዲ ጋ ደወልኩ። «ሰሃራ ነግራኝ ነበር» አልኩት። «አታቋርጡ ያልኩትም እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹን ጥራቸው፤ መጥቼ በፊታቸው እናገራለሁ።»

ስድብ ጠብቄ ነበር። አልሰደበኝም። «ልጄ ‹ሊገድለኝ የነበረው የእናቴ እጅ ነው› እያለች ነው ያደገችው» አለኝ። «እኔም ዝም ብያት ኖርኩ። ለእሷ አንተው ራስህ ትነግራታለህ።» ስልኩን ዘጋው።

ሐሙስ አፍደም እሄዳለሁ። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ልጅቷንም አልለምናትም። ጀማሪ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ እንጀራዬ ነበር አልላትም። እናትሽ እውነቷን ነበር፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ እላታለሁ። ከዚያ በኋላ የምትለኝን ሁሉ ቆሜ እሰማለሁ።