ጥጋቡ ያየው ፊልም

በደርግ ጊዜ እኛ የጭድ ተራ ተሸካሚዎች በየእሑዱ አዋጥተን ሲኒማ ቤት የምንልከው አንድ ሰው ነበር፤ ጥጋቡ። ፊልሙን አይቶ ይመጣና እኛ ጭዱ ላይ ተጋድመን ያወራልናል። ሳምንቱን ሙሉ ሲሸከም የከረመ ሰው ጨለማና ለስላሳ ወንበር ሲያገኝ ምን እንደሚሆን አለማሰባችን የእኛ ቂልነት ነው። ገና መብራቱ ሲጠፋ እንቅልፍ ይወስደዋል። ለካ የሚያወራልን ሕልሙን ኖሯል።

አንድ እሑድ እንዲህ አለን፦

«የሚያስቅ ፊልም ነው። አንድ ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ሲናገር ይጨበጨብለታል። ጭብጨባው እንደ ነፋስ አንስቶ ከመርካቶ ጣራ በላይ ያንሳፍፈዋል። እንዳይወድቅ ሕዝቡ ማጨብጨብ ማቆም አልቻለም። ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ እናቶች ልጅ የሚያቅፉበት እጅ አጡ።»

ለካ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ኃይለመለኮት ከኋላችን ቆሞ ይሰማል። ደርቀን ቀረን። እሱ ግን እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ በማግስቱም ፊልሙን ሊያይ ሄደ።

ሲመለስ ተኮሳትሮ ጥጋቡን ጠራው።

«እኔ መጨረሻው ድረስ አይቻለሁ፤ የሚንሳፈፍ ሰው የለም» አለው።

ጥጋቡ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ማጨብጨቡ ሰልችቷቸው ይሆናላ፣ ጓድ።»