እድፉ የታለ?

የአጎቴ ልጅ ፕዮ ኢንሆ በገንቦ አብዷል ብለን ማማት የጀመርነው ዛሬ አይደለም። አባቱ ለመንደራችን ሴቶች የአኩሪ አተር ሶስ የሚጣልበት ጥቁር ጋን እየሠራ ልጆቹን ያሳደገ ሸክላ ሠሪ ነበር። ኢንሆ ሴኡል ሄዶ ተምሮ ሲመለስ ግን ነጭ ካልሆነ አልሠራም አለ። እሱ የሚወደው የድሮውን የጨረቃ ገንቦ ነው፤ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አፍ ለአፍ ተጋጥሞ የሚሠራውን፣ ክቡን፣ ነገሥታት ቤት ይቀመጥ የነበረውን።

“ሙዚየም ያሉት አሮጌዎቹ ለምን የሚያምሩ ይመስልሃል?” አለኝ አንድ ቀን ሽንኩርት ስንጭን። “ነጭ ስለሆኑ አይደለም። የሆነች ሴት ዘይት አኑራባቸው፣ ሶስ አኑራባቸው፣ ሸክላው ውስጥ ድረስ ስለጠጣ ነው። አዲስ ገንቦ ምንም ያልደረሰበት ነገር ነው፤ ፊቱ ባዶ ነው።”

“ታዲያ ቀለም ቀባው፣ ጋሼ ኢንሆ!”

“አንተ ሽንኩርትህን ጫን!”

ከአሥር ዓመት በፊት ነው፣ ያስቀመጡበትን ሁሉ እንዲጠጣ አድርጎ አሥር የጨረቃ ገንቦ ሠርቶ ለመንደራችን አሥር ሴቶች ያደለው። አንዷ የገዛ እናቱ ነበረች። እንደ ልባችሁ ተገልገሉበት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ መጥቼ እወስደዋለሁ አላቸው። ሴቶቹ አጉረመረሙ። ነጭ ገንቦ አይተነፍስም፣ ሶስ ያበላሻል፣ ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ግን የእናቱን ፊት አይተው ተቀበሉት። አንዷ የሰሊጥ ዘይት፣ ሌላዋ በጨው የታሸ ዓሣ፣ እናቱ ደግሞ የአኩሪ አተር ሶሷን ጨመረችበት።

ከዚያ በኋላ ኢንሆ በየጸደዩ እየመጣ ክዳን ይከፍታል፤ ቡናማው እድፍ በገንቦው ሆድ ላይ ሲሰፋ እያየ፣ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ይዳብሰዋል። ሌላ ሥራ አላሳይ አለ። ጓደኞቹ ስም ሲያወጡ፣ ውጭ አገር ሲጋበዙ፣ እሱ ያለውን ሁሉ በእነዚህ አሥር ገንቦዎች ላይ ጣለ። በመጨረሻ ሴኡል ያለ አንድ ትልቅ የሥዕል አዳራሽ ገንቦዎቹን የሚያሳይበት ቦታ ሰጠው። እናቱ ግን ይህን ሳታይ ባለፈው ክረምት ሞተች።

ገንቦዎቹን ልንወስድ በእኔ የጭነት መኪና ሄድን። የአዛውንቶቹ መሰብሰቢያ ግቢ ስንደርስ በመጀመሪያ የመታኝ የበረኪና ሽታ ነው። ቀጥሎ ዓይኔ ተወጋ። ዘጠኙ ገንቦዎች በሰሌን ላይ ተደርድረው፣ ገና ከእቶን እንደወጡ ሁሉ ነጭ ሆነው ያበራሉ! ሴቶቹ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ እጃቸው በርበሬ መስሎ፣ ከገንቦዎቹ ኋላ ቆመዋል።

ኢንሆ ወደ ገንቦዎቹ ተጠጋ።

“እድፉ የታለ?” አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

“የምን እድፍ!” አሉ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት የጎክሶንጓ እማማ። ከጎክሶንግ ተድረው ከመጡ ጀምሮ በሌላ ስም የጠራቸው ሰው የለም። “በገለባ አመድ ፈተግነው፣ በበረኪና ዘፈዘፍነው፣ እምቢ ያለውን በትልቁ ድስት ቀቀልነው። የኔማ የዓሣው ክርፋት ነፍሴን ሊያወጣት ነበር!”

“ደግሞ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብለን ሰሊጥ ጨምረንበታል” አለች ሌላዋ፣ ክዳኑን ከፈት አድርጋ።

ኢንሆ መሬት ላይ ቁጭ አለ። “አሥር ዓመት!” አለ። “እማማ፣ ሥራዬ እኮ እሱ ነበር! እድፉን ነበር የምፈልገው!”

አሁን ይደነግጣሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ፣ ይቅርታ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልደነገጠም።

“እናውቃለን” አሉ የጎክሶንጓ እማማ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ጆሮዬን አላመንኩም።

“የላክኸውን የጥሪ ወረቀት የመንደሩ ሹም በድምፅ ማጉያ አነበበው። ጎመን እየነቀልኩ ሰማሁት። ‘የአሥር እናቶች ስም፣ የአሥር ዓመት እድፍ’ ይላል። ባሌ እንኳ አንድ ቀን ጠርቶት የማያውቀውን ስሜን ሴኡል ግድግዳ ላይ ጽፈህ፣ ከሥሩ ገበናዬን ልታሰጣ?”

“ገበና አይደለም፣ እማማ! ውበት ነው!”

“ላንተ ነዋ። እኔን ጠይቀኸኛል?”

እኔ ድንግጥ አልኩ። እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ኢንሆ ክዳን እየከፈተ ገንቦውን ሲያይ፣ ቀና ብሎ ባለቤቷን አንዲት ነገር ጠይቆ አያውቅም። እኛም ጠይቅ አላልነውም።

ድንገት ብድግ አለ። “የእናቴ አለ!” ብሎ ከሞተች ወዲህ ወደተዘጋው የእናቱ ቤት ሮጠ። ተከተልኩት። ከጓሮ፣ ከጥቁሮቹ ጋኖች መሀል፣ የእናቱ ገንቦ ከነሶሱ ቆሟል። እድፉ ከከንፈሩ ጀምሮ እስከ ሆዱ ወርዷል፤ ከሁሉም ያማረው እሱ ነው፣ ለእኔ ለገበሬው እንኳ ይታየኛል። ኢንሆ አቀፈው። “ይሄ ብቻ ይበቃኛል” አለ። “ብቻውን አቀርበዋለሁ።”

ሴቶቹ የበረኪና ባልዲ ይዘው ከኋላችን ደረሱ።

“የኛ ስም ነጽቶ የሷ ቆሽሾ ሊታይ ነው?” አሉ የጎክሶንጓ እማማ። “እናትህ ጋን ላይ የተንጠባጠበ ሶስ የማታሳድር ሴት ነበረች። ብትኖር ከሁላችን ቀድማ ታጥበው ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ልጄ።”

“አይሆንም! ከሷ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው!”

ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ በጠራራ ፀሐይ አለቀሰ። ገንቦውን ሊነጥቁት ነው ብዬ መሀል ልገባ ተነሣሁ። እማማ ግን ባልዲውንና የገለባ መፈተጊያውን እግሩ ሥር አስቀምጠው ወደ ኋላ ተመለሱ። “እናትህ ናት። አንተው ፍረድ” አሉት።

ኢንሆ ወደ እኔ ዞረ። “ብትጠየቅ ምን የምትል ይመስልሃል?”

“ትሰድብህ ነበር፣ ጋሼ” አልኩት። ልዋሸው አልቻልኩም።

በእንባው መሀል ሳቀ። ከዚያም እናቱ የጣለችውን የመጨረሻ ሶስ በጭልፋ እየቀዳ ለሴቶቹ አካፈለ፤ እያንዳንዳቸው ጣዕሟ እንዳይጠፋ ወደ ራሳቸው ጋን ሊጨምሩት ተቀበሉ። ገንቦው ባዶ ሲሆን እጅጌውን ሰበሰበ። ያደርገዋል ብዬ እስከዚያች ሰዓት አላመንኩም ነበር። አሥር ዓመት የጠበቀውን፣ ዝናውን የጣለበትን፣ የእናቱን እጅ የያዘውን እድፍ በገዛ እጁ ይፈትገው ጀመር። ቡናማው ውሃ በክንዱ ወረደ። እኔ ማየት አቅቶኝ ፊቴን አዞርኩ። ሴቶቹ አላገዙትም፤ “ከሥሩ! ከከንፈሩ በታች!” እያሉ ብቻ አዘዙት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲጨርስ የጎክሶንጓ እማማ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በገንቦው ከንፈር ዙሪያ አሳለፉ፤ ጣታቸውን ለብርሃን አድርገው አዩት።

“አሁን ሰው ፊት ትቅረብ” አሉ።

የኢንሆ እጅ በበረኪና ተቃጥሎ በርበሬ መስሏል። ሱሪው ላይ ጠረገውና ቀና ብሎ አያቸው።

“እማማ” አለ፣ “ስምዎ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ?”

“አሁንማ ጻፈው!” አሉት። “በትልቁ ጻፈው፤ ዓይኔ ደክሟል።”