እናቴ የተሳለመችው ፊልም

እህቴ መፍራት ትወድ ነበር። ሌላው ሰው የሚፈራው ደግሞ እሷን ነው። የሚጥል በሽታ ስላለባት ክፍል ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ አልነበረም፤ ስትወድቅ ምራቋ ከነካህ ይጋባል ይባል ነበር። እሷ ግን ከትምህርት ቤት መልስ ዴኩን ትከፍታለች፣ ጉልበቷን ታቅፋለች፣ ሙታን ከመቃብር ሲነሱ እያየች ትስቃለች። «የሚያስፈራኝ ነገር አጣሁ እኮ» ትለኝ ነበር።

ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ርኩስ መንፈስ ስለያዛት ሙሽራ የሚተርክ የድሮ የውጭ ፊልም ነው። ተከታዮቹም እንዳሉ ስትሰማ፣ ገበያው ዳር ሲዲ የሚያከራየውን ሙስሊም ጎረቤታችንን ነዝንዛ ከባሕር ዳር አስመጣቻቸው። ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው በአንድ ካርቶን ታሽገው መጡ። ካርቶኑ ላይ ጢማቸው ደረታቸው ድረስ የወረደ መነኩሴ መስቀል አንስተው ቆመዋል።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ሥዕል ነው። ያኔ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበል ቦታ የተቀረጸ ሲዲ ይሸጥ ነበር፤ ሕመምተኛው ሲጮህ፣ ሰይጣን በአፉ ሲለፈልፍ፣ በመጨረሻም ሲለቅ የሚያሳይ። እናቴ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ስታገኘው ከዚያ ወገን መሰላት። ነጠላዋን አጣፍታ ተሳለመችው። እህቴ በሳቅ ልትሞት ደረሰች።

እናቴ አልሳቀችም። በዕድሜዋ ፊልም አይታ የማታውቅ ሴት የመጀመሪያውን ቆማ ጨረሰችው። ተቀመጭ ስትባል «መስቀል ተነስቶ እንዴት እቀመጣለሁ?» አለች። ሙሽራይቱን መጀመሪያ ሐኪም ያያታል፤ መርፌም መድኃኒትም ይሰጣታል፤ አይሆንላትም። መነኩሴው ሲመጡ ትድናለች። ሁለተኛው ላይ ቤተሰቧ ችላ ሲል መንፈሱ ይመለስባታል። እናቴ ከቋንቋው አንዲት ቃል አልገባትም፤ ታሪኩ ግን የልጇ ታሪክ ነበር። እህቴም ኪኒኗን እየዋጠች ወራት ደህና ትቆይና አንድ ቀን ትወድቃለች።

«ይኸው፣ ኪኒን ያስተኛዋል እንጅ አያስወጣውም» አለች እናቴ።

«እማየ፣ ውሸት ነው። ሰው ሊያዝናኑ የሠሩት ነው» አለቻት እህቴ።

«ሰው በውሸት እንዲህ ይሰቃያል? ደግሞ አንችስ ስለምን ይኸን ብቻ ታያለሽ? የሚያሳይሽ እሱ ነው።»

ይህ ንግግሯ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መሳቋም፣ አለመፍራቷም ማስረጃ ሆነባት።

እኔ በዚያን ጊዜ ይፋግ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ደብረ ታቦር፣ ቤት ስመጣ እህቴ «እማየን የፊልም ወዳጅ አደረግኋት፤ አራተኛው ላይ ደርሰናል» ብላ በር ላይ ተቀበለችኝ። ውስጥ የንስሐ አባታችን ከእናቴ ጋር ተቀምጠዋል። ሆስፒታል ኪኒኑን አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ እንዳስጠነቀቃት ያውቁ ነበር። «መድኃኒቱንም የሰጠ እግዜር ነው ልጀ። ትጠመቅ፤ ኪኒኗንም ትዋጥ» አሏት። እናቴ መስቀላቸውን ስማ «እሽ አባ» አለች። እኔም አምኜ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሷ ግን የታዘዘችው የካርቶኑን መነኩሴ ነበር።

በሳምንቱ ሲዲ አከራዩ ጎረቤታችን ስልክ ደወለልኝ። እናቴ እህቴን ይዛ ከእብናት መንገድ ወረድ ብሎ ወዳለ ጠበል ሄዳለች፤ ሱቁን ስታልፍ «ኪኒን ከእንግዲህ በቃን» ብላው ነበር። ደብረ ታቦር ገብቼ ኪኒኑን ከቁም ሳጥኑ ላይ አነሳሁና ተከተልኳቸው።

ስደርስ እህቴ ከአንዱ መንቀጥቀጥ ሳትነቃ ሌላው ይይዛት ነበር። እናቴ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷ በርቶ፣ «ሊለቃት ነው፤ ሲለቅ እንዲህ ነው፤ አይቻለሁ» ትላለች። እህቴ መዋጥ አትችልም ነበር። መኪና ፍለጋ ወደ መንገዱ ሮጥኩ። አንድ የጭነት መኪና ለምኜ ይዤ ስመለስ በነጠላ ሸፍነዋታል።

ለቅሶ ላይ «ቀኗ ነው» ሲሉኝ ተነስቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። አርባዋ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት እናቴ ካርቶኑን ይዛ ሳሎን ወዳለሁበት መጣች።

«መጨረሻዋን ሳናይ ነው የሄድን። ያች ልጅ ዳነች ወይ?»

ነጥቄ ልሰባብረው ነበር። ፊቷን ሳይ አልቻልኩም፤ አምስተኛውን ከፈትኩላት። እንደ ልማዷ ቆማ አየችው። ሙሽራይቱ ዳነች። «ተመስገን» አለች እናቴ፤ እንባዋ ወረደ።

ላጠፋው ስነሳ ሲዲው ራሱ ቀጠለ። ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ተጨማሪ ነገር ነበረበት። መነኩሴው ጢሙን ልጦ ሲጋራ ለኮሰ። ሙሽራይቱ የፊቷን ቁስል በፎጣ እየጠረገች ሙዝ ትበላለች፤ አንዱ የሆነ ነገር ሲላት አፏን ሞልታ ትስቃለች።

እናቴ ወደ ስክሪኑ ቀረበች።

«አልታመመችም ነበር?»

«አልታመመችም፣ እማየ።»

ልጅቱን ብዙ ቆማ አየቻት። ከዚያ «የኔዋ ናት እንግዲያ የታመመችው» አለች።

ወንበሩ ላይ የነበረውን ዳንቴል አንስታ ቴሌቪዥኑ ላይ አለበሰችው። ከሥሩ የልጅቱ ሳቅ ይሰማ ነበር።