የአያቴ መግነዝ ፈትል

ሰሞኑን ይፋግ ገበያ ጥጥ ስመርጥ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው የድሮው ቅናቴ ተነሳብኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ጋፋት ላይ ለንጉሡ መድፍ ብረት በሚቀልጥበት ዘመን፣ አያቴ ደብረ ታቦር ቤታችን ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ እኔንና ታላቅ እህቴን ጠሩን። የተጨማደደ ጣታቸውን ጥጡ ውስጥ እየከተቱ፣ "የምገነዝበትን ሸማ በቁሜ ልየው። ስሞት ማንም እንዳይሯሯጥ" አሉ። የመግነዙን ጥጥ ለእህቴ ሰጧት። ለእኔ የጋቢያቸውን።

"እኔም እኮ አቅጥኜ እፈትላለሁ፣ አባባ! ለምን ለእሷ?" አልኳቸው።

"አንቺማ በቁሜ አሙቂኝ፣ ልጄ" አሉኝ።

ሲሞቱ፣ እኔ የፈተልኩት ጋቢ እንደ ወጉ ለነዳይ ተሰጠ። የእህቴ ፈትል ግን አብሯቸው መቃብር ወረደ። ለቀስተኛው "እንዴት ያለ ፈትል ነው!" እያለ እሷን ሲያሞግስ እኔ ከንፈሬን እነክስ ነበር።

ከገበያ ስመለስ እህቴ ምርኩዟን ተደግፋ መጣች። ጥጡን ለምን እንደገዛሁት ወዲያው ገባት።

"ያንቺንም መግነዝ እኔ ልፍተልልሽ?" አለችኝ።

እንዝርቴን አነሳሁ።

"መግነዜን እኔው እፈትላለሁ። አንቺ በቁሜ የሚያሞቀኝን ጋቢ ፍተይልኝ" አልኳት።