የዲዮሴሊና ሀብል

ሶይላ ሳሚዮ የሳን ቤኒግኖ ከተማን ሴቶች ወርቅ ከባለቤቶቹ ይበልጥ ታውቀዋለች። የማን ሀብል መቆለፊያው እንደላላ፣ የማን የወርቅ ማበጠሪያ ጥርሱ እንደጎደለ፣ የትኛዋ ወይዘሮ ከእህቷ የተዋሰችውን ጉትቻ የራሴ ነው ብላ እንደምትምል፣ ሁሉንም ታውቃለች። ግን ትንፍሽ አትልም። ለዚህም ነው የሚያምኗት።

ሥራዋ ማልበስ ነው። የበዓሉ ሰሞን ሲደርስ ሴት ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ዓመት ሙሉ ሲጠለፍ የከረመውን ሰፊ ነጭ ቀሚስ፣ ፖዬራውን፣ ከሣጥን ያወጣና ሶይላን ይጠራል። እሷም የልጅቷን ፀጉር ከመሐል ከፍላ ትጎነጉናለች፣ በእርምጃ ቁጥር የሚንቀጠቀጡትን አበቦች ትሰካለች፣ ከዚያ ወርቁን ከአንገት እስከ ወገብ እያከታተለች ታወርደዋለች። ወርቅ የሌላት ልጅ ከጎረቤት ትዋሳለች፤ ይህ ነውር የለውም። ናስ አድርጋ የወጣች ግን አለቀላት። ከበሮው ሳይቆም ወሬው አገር ያዳርሳል፣ እሷም ልጇም “ናሲቱ” እየተባሉ ይኖራሉ።

ሶይላ ራሷ ፖዬራ ለብሳ አታውቅም። “እኔ የሰው ሣጥን ነኝ፤ ሣጥን ደግሞ ምን ቀሚስ ያስፈልገዋል?” እያለች ትስቃለች። እውነቱን ለመናገር፣ ልጅ ሳለች በጣም ያምራት ነበር። ማንም አላለበሳትም።

ዲዮሴሊና ባሪዮስ አብሮ አደጓ ናት። አልጋ ከያዘች በኋላ አንድ ቀን እጇን ለቀም አደረገችና፣ “አንቺ፣ ስሞት ሌላ ሰው እንዳያለብሰኝ” አለቻት።

“ገና ስንት ዓመት ታናድጂኛለሽ፤ ምን አስቸኮለሽ?”

“ቀልዱን ተይው። ያንቺ እጅ ብቻ ይንካኝ። ሀብሌንም አንገቴ ላይ ትተይልኛለሽ።”

ሶይላ ደነገጠች። በዚያ አገር ወርቅ አይቀበርም። ሟቿ ፖዬራዋን ለብሳ፣ ወርቋን አድርጋ ትሰናበታለች፤ የሬሳ ሣጥኑ ክዳን ከመዘጋቱ በፊት ግን ያለበሰቻት ሴት ወርቁን አውልቃ ለትልቋ ልጅ ታስረክባለች።

“ልጆችሽ ያብዳሉ እኮ፣ ዲዮሴ!”

“ይበዱ። ሦስት ሴት ልጅ፣ አንድ ሀብል። የጎረቤታችንን የፔትራን ልጆች አላየሽም? የእናታቸውን ሀብል በጉጠት ቆርጠው ተካፈሉት፤ ይኸው ዛሬ በአንድ የቤተ ክርስቲያን በር አይገቡም። የእኔዎቹማ ከአሁኑ እርስ በርስ ይናከሳሉ። በድንግል ማርያም ማይልኝ!”

ሶይላም ማለች።

ዲዮሴሊና ሳምንቱ ሳያልቅ አረፈች። ሶይላ እንደ ልማዷ በሩን ዘጋች፣ አጠበቻት፣ የሳሳውን ፀጉሯን በቀስታ ጎነጎነች፣ ቀሚሱን አለበሰቻት። በመጨረሻ ሀብሉን ከማስቀመጫው አነሳች።

እጇ ቀድሟት አወቀ። ያ ጠፍጣፋ ሀብል ድሮ መዳፍ ውስጥ እንደ ጨርቅ እጥፍጥፍ ይል ነበር፣ ክብደቱም ደስ ይል ነበር። ይኼኛው ቀለለ፣ ደግሞም ይቧጥጣል። ጣቷን አሸተተች። ሳንቲም ሳንቲም ይሸታል። ወርቅ ቅብ ናስ!

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

“ምነው ዲዮሴሊና?” አለቻት ሬሳዋን።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት። የመጨረሻዋ ልጅ ያሚሌት ዋና ከተማ ተወስዳ ልቧን ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ዓመት ወዲህ ሶይላ ለበዓል ልታለብሳት ስትሄድ ዲዮሴሊና ሀብሉን አስቀድማ አንገቷ ላይ አጥልቃ ነበር የምትጠብቃት። “እሱን እንኳን ተይው፣ እኔው አድርጌዋለሁ” ትል ነበር። ሶይላም የእርጅና አመል ነው ብላ አልፋዋለች። የሕክምናውን ነገር ሲጠይቋትም “ዘመድ ረዳን” ነበር መልሷ። ዘመድ የተባለው ለካ የተሸጠው ሀብሏ ነበር። ትልቋ ልጅ ኤንልዳ ደግሞ እስከ ዛሬ “እማዬ ካንቺ ሌላ ልጅ መች ነበራትና!” እያለች ታናሿን ትነዘንዛለች። ልጆቹ ሊካፈሉት ሀብሉ ወርቅ ቤት ገብቶ ጉዱ ቢወጣ እህቶቿ የያሚሌትን በሕይወት መኖር እንደ ዕዳ ሲቆጥሩባት ሊኖሩ ነው። እናትየዋም መቃብሯ ውስጥ “ናሲቱ” ልትባል ነው።

ያንቺ እጅ ብቻ ይንካኝ ያለችው ለዚህ ነበር። ሶይላ ተናደደች። ይህን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ቃል እንኳን ሳትነግራት! ከንዴቷ ጋር እንባዋ መጣ። ሲወጣላት መርፌና ክር አነሳችና ሀብሉን ከቀሚሱ ደረት ጋር ዙሪያውን አጥብቃ ሰፋችው።

ቀብሩ ላይ ቄሱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ፈቀቅ ሲሉ ኤንልዳ ነጭ መሀረብ መዳፏ ላይ ዘርግታ ቀረበች።

“አክስቴ ሶይላ፣ እንግዲህ ሀብሉን ያውልቁልን።”

“አይወልቅም ልጄ። እናትሽ ከነሀብሌ ቅበሪኝ ብላ አስምላኛለች።”

ሕዝቡ ተንጫጫ። መካከለኛዋ ማሪሴል፣ “ማን ሰማ?” አለች።

“እኔ ሰማሁ።”

“እርስዎ ብቻ?”

ያሚሌት እያለቀሰች፣ “እማዬ እንዲህ አትልም! ሀብሉን ለእኔ ልትሰጠኝ እኮ ነበር ቃል የገባችልኝ” አለች። ኤንልዳ እጇን ሰዳ ሀብሉን ሳብ አደረገችው፤ ቀሚሱ አብሮ ተነሳ። በቄስና በአገር ፊት የእናቷን ቀሚስ ልትቀድ ነው። እጇን መለሰችና ወደ ሶይላ ዞረች። አክስትነቱም እርስዎነቱም በአንዴ ቀረ።

“ዓይንሽ ከወርቃችን ላይ ተነስቶ አያውቅም! ለራስሽ ስለሌለሽ የእኛን አፈር ልታለብሺው!”

“ማታ መጥታ እንዳትቆፍረው ዘበኛ አቁሙ” አለ አንዱ ከኋላ። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ።

ከስድቡ ሁሉ የጎዳት ይህ ሳቅ ነው። ከሳቁት ውስጥ ሴት ልጆቻቸውን ያለበሰችላቸው ነበሩ። አንድ ቃል ብትተነፍስ ሁሉም ጸጥ ይሉላት ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ከዚያ የያሚሌትን ያበጠ ፊት አየች፣ ዋጠችው።

“ዝጉት” አለች።

በቀጣዩ በዓል ማንም አልጠራትም። ከጎረቤት ከተማ ሌላ አልባሽ በአውቶቡስ መጣች። ሶይላ ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ ሰልፉን ተመለከተች። የኤንልዳ ልጅ በተዋሰችው ወርቅ አጊጣ ስታልፍ ከወርቁ አንዱ ሀብል ጀርባዋ ላይ ተጠማዝዞ ነበር፣ ሶይላም ተነስታ ልታቃናላት እጇን በላት። ሦስቱ እህትማማች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከኋላ ይከተላሉ፤ ኤንልዳ ለያሚሌት ፀሐዩን በማራገቢያ ትከልልላታለች።

“ያምርባታል፣ እግዜር ያሳድጋት” አለች ሶይላ።

ሦስቱም ፊታቸውን በአንድ ጊዜ አዞሩባት።

“እነዚህ ልጆች መቼ ታረቁ?” ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች።

“አልሰማሽም እንዴ? በአንቺው ምክንያት እኮ ነው!” አለች ጎረቤቷ። “እሑድ እሑድ እየተሰበሰቡ አንቺን ሲያሙ ይውላሉ። ኤንልዳማ ያሚሌትን አቅፋ ‘ወርቅሽን አስቀበረችብሽ’ እያለች ታለቅስላታለች።”

“እንኳን ታረቁ” አለች ሶይላ። ወንበሯን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።